የደርቤ ባዝራ

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለወጌሻ አለነ ውዱ፣ አምቢኮ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? አክስቴ ታንጉትስ ደኅና ናቸው? እኔ ከትምህርቱ ብዛት በቀር አንዳች የጎደለኝ ነገር የለም።

ደብዳቤዎን የደባርቁ ሾፌር ያርጋል ትናንት አደረሰልኝ። ፖስታው እንደ ልማዱ ተከፍቷል። «መንገድ ላይ ፍተሻ አለ እኮ» ይላል። ፈታሾቹ ይሁኑ እሱ እንጃ፣ ገና ሳልቀበለው ግን «የደርቤ ባዝራ ወልዳ እግሯ አብጧል አሉ» ብሎ ነገረኝ። የተቋረጠው ስልክ እስኪመለስልን ድረስ የቤታችንን ወሬ ከኔ በፊት ያርጋል ቢያውቀው ምን ይደረግ።

ሠላሳ ዓመት ሰውና በቅሎ ሲያሹ የኖሩ ሰው እኔን ምክር ሲጠይቁ ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለሃናም አነበብሁላት። ሃና አብራኝ የምትማረው፣ አንድ ክፍል የምንኖረው ልጅ ናት። «አባትሽ አንቺን ማማከር ከጀመሩ ተመርቀሻል በይው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ዋልሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አሁን ወደ ባዝራዪቱ ልምጣ። ጎረቤታችን ደርቤ ባዝራ መግዛቱን አልሰማሁም ነበር፤ እንኳን ገዛ። ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ያበጠው የኋላ ግራ እግሯ ብቻ ነው፣ እብጠቱ ከባቷ ጀምሮ ጭኗ ድረስ ወጥቷል ብለውኛል። መቆሟ ነው ያመጣው ባይ ነኝ። ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ያገሩ በቅሎና ፈረስ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቆሟል ብለው ጽፈውልኝ ነበር። የቆመ እግር ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። በዚህ ወር የተማርነውም ይህንኑ ነው። ያበጠ እግር ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ልብ እየተገፋ ነው የሚታሸው። በሞቀ ቅቤ፣ ከሰኮናዋ በላይ ይጀምሩና ጠበቅ አድርገው እስከ ብሽሽቷ ይግፉት። ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን። ብትራገጥም አይዘኑላት። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ያራምዷት።

ትኩስ ነው ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም። ትኩስ እግር አይታሽም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ትኩስ ቢሆን ከሁሉ በፊት እሱን ይጽፉልኝ ነበር።

ቄሱ «ልጅህ ማሳጅ ቤት ትሠራለች አሉ» ላሉት፣ ፊዚዮቴራፒ ነው የምትማረው ይበሏቸው። ልዩነቱ ካልገባቸው፣ ነጭ ጋወን ይለብሳሉ ይበሏቸውና ይተዉት።

ሐመልማል ለምንድን ነው የማትጽፍልኝ? ሦስት ደብዳቤ ላክሁላት፣ አንድም መልስ የለ። አኩርፋ ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ ስላልመጣሁ ይሆናል፤ መንገዱ ነው እንጂ እኔ መች ጠላሁ? እናታችን ካረፈች ወዲህ ጠጉሯን የሠራሁላት፣ ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ልታኮርፍ አይገባትም። ሰማያዊ ሹራብ ልኬላታለሁ። ለብሳ እንዴት እንደሆነላት ራሷ ትጻፍልኝ።

ልጅዎ እስከዳር

አምቢኮ፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. (ያልተላከ)

ልጄ እስከዳር፣

ሰላምታ አላበዛም። ሐመልማልን ትናንት ቀበርናት። ጧት ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። ታንጉት አጥሚት ስታቀብላት «ደረቴን» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ልጁ ደኅና ነው። ልጁ የምልሽ የእሷ ልጅ ነው። አንቺ አታውቂም፣ እንዳታውቂ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያቺ የደርቤ ባዝራ ብዬ የጻፍሁልሽ

ይህን ስታነቢ ማን አጠገብሽ ይሆናል? መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሰው አፍ ነው የሚነገር። በወረቀት አይነገርም። ፈተናሽስ

አምቢኮ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእስከዳር አለነ፣ አዲስ አበባ።

ልጄ፣ ደኅና መሆንሽን ከወረቀትሽ አየሁ፤ ተመስገን። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቱሪስት በሌለበት ምን ሥራ አለ ትዪኝ ይሆናል፤ የቆመ በቅሎም ይታመማል።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ሦስት ቀን፣ ጧትና ማታ፣ ከታች ወደ ላይ። ኋላ በላክሻት ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ ለመሆኑ እግሯ ይሞቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ይሞቅ ነበር። ቢሆንም ድናለች። ደርቤም መርቆሻል። ከእንግዲህ ስለ ባዝራዪቱ አታስቢ፤ በደብዳቤም አታንሻት።

ሐመልማል አኩርፋ አይደለም። ጠበል ገብታለች። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ወረቀት አይደርስም። ድካም ቢጤ ነው እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። ሹራቡን ታንጉት ተቀብላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቀለሙ ያምራል።

ሥራ እንዴት ነው ላልሽው፣ ሰሞኑን ሰው አላሽም። ከብትም አላሽም። እጄን ያመኛል። ደርቤ ትናንት የተሰናከለች በቅሎውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ መለስሁት። ቅር ብሎት ሄደ። አንድ ሰሞን ነው፣ ይለቀኛል።

ለቄሱ ስለ ነጩ ጋወን ነገርኋቸው። ነጭ ከሆነስ ግድ የለም ብለዋል።

ፈተናሽ ሰኔ ነው ብለሻል። እስከ ሰኔ እንዳትነቃነቂ። መንገዱ ጥሩ አይደለም። ለፋሲካም አትምጪ። እዚያው ሁነሽ ተማሪ። ሌላ የምጽፍልሽ ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ነገር ግን ወደ ደባርቅ የሚወርደው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

አባትሽ አለነ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ።

አባባ፣ እጅዎን ምን ነካብኝ? ወድቀው ነው? ወይስ ብርዱ ነው? ጣትዎ ደንዝዞ እንደሆነ፣ ክንድዎ ወይም አንገትዎ ላይም ስሜት ካለ ለይተው ይጻፉልኝ። «እጄን ያመኛል» ብቻ አይበቃኝም፤ አሁን እኮ እኔም የሙያው ሰው ነኝ።

የባዝራዪቱን መዳን ለመምህራችን ነገርሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ «እስከዳር የእንስሳት ክሊኒክ ልትከፍት ነው» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። ይሳቁ። ከክፍላችን ደብዳቤ ጽፎ በሽተኛ ያዳነ ሌላ ማን አለ? ልቤ ሞልቷል አባባ። ከዚህ በፊት የሰው ገላ ስነካ ፈራ ተባ እል ነበር። አሁን አልፈራም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ሃና ስጦታ የምትባል ታላቅ እኅት አለቻት። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ባለፈው እሑድ ልንጠይቃት ሄደን፣ ግራ እግሯን ገልጣ አሳየችን። ከባቷ እስከ ጭኗ አብጧል፤ ልክ እንደ ባዝራዪቱ። ጎረቤቶቿ ምች ነው ይሏታል፣ ባሏ ደግሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ስዳስሰው ይሞቃል። ከእርስዎ የተማርሁትን ብቻ ብሰማ ኖሮ ትኩስ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን የባዝራዪቱም እኮ ይሞቅ ነበር፣ ድናለች። ስለዚህ አሽልሻለሁ አልኋት። ደስ አላት፤ ሐኪም ቤት መመላለሱን ፈርታዋለች።

ነገ ለልምምድ አዳማ እንሄዳለን። ቅዳሜ መጋቢት 7 እመለስና በማግስቱ እሑድ ጧት እጀምርላታለሁ። ሃና እስከዚያ እኔ ልጀምርላት ብትል እንቢ አልኋት። እኅት እኅቷን ስታሽ እጇ ያዝናል፣ አይሆንም ብዬ።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሰው ሲሆን ከባዝራ ምን ያህል ላላ ላድርገው? መጻሕፍቱ ስለ ሰው እንጂ ስለ ባዝራ አይሉም። ሁለቱንም በእጁ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም።

ሐመልማል የገባችበት ጠበል የቱ ነው? ያርጋልን ጠየቅሁት፤ አልሰማሁም አለ። እሱ ያልሰማው ነገር አለ ማለት ነው? አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልትድሯት ነው አይደል? ለፋሲካ አትምጪ ያሉኝም ለዚሁ ነው፤ ድንገት ልታስደስቱኝ። እሺ፣ እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ።

ልጅዎ እስከዳር

አምቢኮ፣ ረቡዕ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እስከዳር፣

የዚያችን ሴት እግር እንዳትነኪ። አንቺም፣ ሃናም፣ ማንም እንዳይነካት። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ሐኪም ቤት አድርሻት። ሐኪሙ ሳያያት አታራምዷት። እሷን ካደረስሽ በኋላ ተቀምጠሽ ቀሪውን ታነቢያለሽ። ያርጋል አብሮሽ ይቀመጣል፣ አደራ እለዋለሁ።

ደርቤ ባዝራ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። እግሯ ያበጠው እኅትሽ ሐመልማል ነበረች። የካቲት 4 ቀን ሰኞ ጧት ሞታለች።

መስከረም ላይ ሆዷ ታወቀ። ማን ነው ብላት አልነገረችኝም። ቆጣሁም፣ ለመንሁም፤ አልነገረችኝም። ላንቺ እንዳልጽፍ ለመነችኝ፤ እኔም ልመናዋን ወደድሁት። ወረቀት ከዚህ ደባርቅ እስኪደርስ በሦስት ሰው እጅ ያልፋል፣ ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ያርጋል አለ። የወጌሻ አለነ ልጅ ሳታገባ አረገዘች ተብሎ በገበያ ሲወራ ታየኝ። በታኅሣሥ 29 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ታንጉት አዋለደቻት። በሁለተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ። አባት የልጁን ጭን በወረቀት ላይ መጻፉም ነውር መሰለኝ። ስለ ባዝራ ብጽፍ ግን ያነበበው ሁሉ ምንም አይለኝም አልሁ።

እግሯ ትኩስ ነበር። የጠየቅሁሽ ስላላወቅሁ አይደለም። ትኩስ እንደማይታሽ ከአባቴ የተማርሁት ካንቺ ዕድሜ ሳልደርስ ነው። ትኩስ መሆኑን ሆን ብዬ ሳልጽፍልሽ ተውሁት። ብነግርሽ አይታሽም ትዪኛለሽ። ካልታሸ ሐኪም ቤት ነው፤ ሐኪም ቤት ማለት ደባርቅ፣ ደባርቅ ማለት ሁለት ቀን በቃሬዛ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አባት የሌለው ሕፃን ከጎኗ። ይታሻል የሚለኝ ሰው ፈለግሁ፣ አገኘሁ።

ሦስት ቀን አሸኋት። ወረቀትሽን አነበብሁላት፤ «እስኩ ካለች ይሻለኛል» ብላ ሳቀች። በአራተኛው ቀን ደረቴን አለችና አለቀ። የጤና ኬላዋ ነርስ ከቀብር በኋላ መጥታ ነገረችኝ። አራስ እግር ላይ ደም ይረጋል፣ ሲገፉት ወደ ሳንባ ይወጣል አለችኝ። «አባ አለነ፣ ለምን አልጠሩኝም?» አለችኝ። ቤቷ ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ አይሞላም።

ድናለች ያልሁሽ ፈተናሽን ብዬ ነው። መርዶውን የሚያረዳሽ ዘመድም እዚያ አጣሁልሽ። ይሞቅ ነበር ያልሁሽ ደግሞ ሁሉንም መዋሸት ስላቃተኝ ነው፤ አንዲት እውነት ላስገባ ብዬ። ይኸውና እሷው አንዲት እውነት ሌላ አራስ ልትገድል ነው።

ለሰው ምን ያህል ላላ ላድርገው ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ በሁለት ጣቴ ብቻ ነበር የገፋሁት። እሱም በዛ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። አንቺ አልገደልሻትም። አንቺ የመለስሽው ለባዝራ ነው። ሰው ናት ብዬሽ ቢሆን ሌላ ትመልሺ ነበር። ልጄን ሰው ናት ብዬ መጻፍ አፍሬ ባዝራ ያልኋት እኔ ነኝ።

ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ሀብተ ሚካኤል ተብሏል። የደርቤ ሚስት ከልጇ ጋር ታጠባዋለች። ገላውን በቅቤ የምታሸው ታንጉት ናት፤ እኔ እስካሁን አልነካሁትም።

ነጋዴ አልጠብቅም፤ ይህን ወረቀት ራሴ ይዤ አሁን ወደ ደባርቅ እወርዳለሁ። ዓርብ ለያርጋል እሰጠዋለሁ፤ እሱም ሁለት ቀን ይፈጅበታል። እሑድ ጧት ካንቺ እጅ እንዲቀድም እየለመንሁ ነው። ያርጋል ከፍቶ እንደሚያነበው ዐውቃለሁ። ያንብበው። ደባርቅም ያንብበው።

መርዶን በወረቀት ላክሁብሽ። ይቅር በዪኝ።

አባትሽ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣

እንዴት ከረሙ ብዬ ለመጀመር ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

ያርጋል እሑድ ጧት ደረሰ። መኖሪያ ክፍላችን ውስጥ ሲያጣኝ የግቢው ዘበኛ የስጦታን ቤት አመልክቶታል። እኔ ዘይቱን አሙቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እሷም እግሯን ዘርግታልኝ ነበር። በሩ ሲንኳኳ «ቆይ ልጨርስ» አልሁ። «አባትሽ ሳታነቢ እንዳትነኪ ብለዋል!» ብሎ ከደጅ ጮኸ። ድምፁ አስደነገጠኝና ወጣሁ። እጄ ዘይት ስለነበር ወረቀቱን እሱ ያዘልኝ። የላይኛውን ብቻ አነበበልኝና ወረቀቱን አጠፈው። ፊቱን ሳይ ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ግን አልጠየቅሁትም። ስጦታን ደግፈን መኪናው ውስጥ አስገባናት።

ቀሪውን ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ሃና ከእኅቷ ጋር ከገባች በኋላ አነበበልኝ። ልቀበለው ብል እኔ ላንብብልሽ አለኝ። እንግዲህ መርዶዬም እንደ ሀገራችን ወግ በሰው አፍ ሆነ። ያርጋል እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሁሉን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያውቅ መቅረቱ አሳፈረው መሰለኝ፣ «ባዝራ ነው ብዬ ነበር» እያለ ደጋገመው። ቀኑን ሙሉ ጥሎኝ አልሄደም።

ስጦታ ተርፋለች። ደም ረግቶ ነበር። መርፌ እየወሰደች ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ታሽቷል ወይ?» ብሎ ነው። አልታሸም አልሁት። እንኳን አልታሸ አለ።

አባባ፣ ያዘንሁ ብቻ አይምሰልዎት፤ ተናድጄብዎታለሁም። ልትድሯት ነው አይደል ብዬ የጻፍሁልዎ ቀን አፈር ከለበሰች ሃያ ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስስቅ ኖርሁ። ልቅሶዬን ደብቀውብኛል። ደግሞ ይናፍቁኛል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ።

አልገደልሽም ብለውኛል። ለባዝራ ነው የመለስሽው ብለውኛል። ይህን ለራሴ እየደጋገምሁ እነግረዋለሁ። ነገር ግን አይዘኑላት ብዬ የጻፍሁት ትዝ ይለኛል። እርስዎ ሲያነቡላት እሷ ያን ቃል ሰምታዋለች? ይህን ይመልሱልኝ። አልሰማችም ቢሉኝ አላምንዎትም፤ ቢሆንም ይመልሱልኝ።

ማክሰኞ ለልምምድ ትከሻቸውን የታመሙ ሽማግሌ ሰጡኝ። እጄን ትከሻቸው ላይ አድርጌ ቆምሁ። ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ። ሌላ ተማሪ ተካችኝ። ትምህርቱን ልተወው ልቀጥለው ገና አላወቅሁም። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ አትምጪ አይበሉኝ። ልጁን አየዋለሁ። መቃብሯንም ያሳዩኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ ትናንት ስለሆነው ነገር ለመንገር ነው። ስጦታ ከአልጋዋ ቀና ብላ ስትበላ ሃና አየቻትና እጄን ሳበችና ሳመችው። እኅቴን አተረፍሽልኝ አለችኝ። «ግን እንዴት አወቅሽ? ገና አልተማርነውም እኮ» አለችኝ። እዚያው ከእኅቷ ጋር ስለሰነበተች መርዶዬን አልሰማችም። የሐመልማልን ስም ልጠራላት አፌን ከፈትሁ። ሳታገባ፣ አራስ ሆና፣ ተደብቃ የሚለውን ሁሉ ማስከተል ሊኖርብኝ ነው። አፈርሁ አባባ። ሃናን፣ ከማንም በላይ የምቀርባትን ልጅ አፈርኋት።

ያቺ የደርቤ ባዝራ ለካስ ሞታለች፤ ከእሷ ነው ያወቅሁት አልኋት።

እስከዳር